ክንፍ ያወጣ ዓሣ

በጦር አውሮፕላን አብራሪ ደረት ላይ ክንፍ ማየት የተለመደ ነው፤ በክንፎቹ መሐል ዘውድ ወይም ንስር ቢቀመጥም ማንም አይገረምም። ከአሮጌ ሣጥን የወጣች ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ ላይ ግን ነጭ ክንፍ ያለው ወርቃማ ዓሣ፣ ከሥሩም ሰማያዊ ማዕበል ተጠልፎ ቢገኝስ? ብዙ ሰው «የየትኛው ጦር ነው?» ብሎ ይጀምርና ይሳሳታል። ይህ ምልክት ማዕረግም ክፍልም አይናገርም። የሚናገረው ባለቤቱ ከሞት በምን እንዳመለጠ ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ትንሽ የወርቅ አባጨጓሬ ከሆነ ሰውየው በፓራሹት ዘሎ ተርፏል፤ ፓራሹቱ ያኔ የሚሠራው ከሐር ነበርና ምስጋናው ለትሏ ነው። ክንፍ ያለው ጫማ ከሆነ አውሮፕላኑን በሰሜን አፍሪካ በረሃ አጥቶ በእግሩ ተመልሷል። የእኛ ዓሣ ደግሞ ባሕር ላይ ወድቀው በነፍስ አድን ጀልባ ለተረፉ በብሪታንያ በ1942 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የጎልድፊሽ ክለብ ነው።

ሥዕሉን ማንም መኮረጅ ስለሚችል ቀጥሎ የሚመረመረው ቁሱ ነው። ለብረት ምልክት የአርኪሜደስ ዘዴ ይበቃል። 10 ግራም የሚመዝን ብር በክር ታስሮ ውኃ ውስጥ ሲንጠለጠል ከክብደቱ 1 ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ ነሐስ መሰል ቢጫ ብረት ግን 1.2 ግራም ያህል። መርፌውና ማንጠልጠያው ከሌላ ብረት ከተሠሩ ስሌቱ ይዛባል።

ለጨርቅ ደግሞ ባንክ ቤት የብር ኖት የሚፈተሽበት ዓይነት የአልትራቫዮሌት መብራት አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በክርና በልብስ ሳሙና ውስጥ የተስፋፉት አንጸባራቂ ኬሚካሎች ለዓይን የማይታየውን ጨረር ውጠው ሰማያዊ ብርሃን ይተፋሉ። ያልታከመ አሮጌ ክር እንዲያ ደምቆ አይበራም። ነገር ግን አንዲት ጠንቃቃ የልጅ ልጅ የአያቷን ቅርስ በዘመኑ ሳሙና አጥባው ከሆነ እውነተኛውም ይበራል! እኔ የበለጠ የማምነው ጨርቁ ጨለማ ሆኖ የጥልፉ ክር ብቻ ሲያበራ የሚሰጠውን ምስክርነት ነው።

የጎልድፊሹ ጨርቅ ሌላም ታሪክ አለው። በጦርነቱ ጊዜ ጨርቅ በራሽን ስለነበር ሰዎች የእራት ግብዣ ጥቁር ሱፋቸውን ሰጡ፤ ምልክቱም ከዚያ እየተቆረጠ ተጠለፈ። ስለዚህ ከጥልፉ ጀርባ በአጉሊ መነጽር ጥሩ የሱፍ ሽመና ቢታይ ደስ ይላል። የባለቤቱን የጦርነት ጊዜ ፎቶግራፍ አገላብጦ ዓሣውን መፈለግ ግን ብዙ አይረዳም፤ አየር ኃይሉ በዩኒፎርም ላይ እንዲታይ ስላልፈቀደ ብዙዎቹ የሰፉት ከግራ ደረት ኪሳቸው ክዳን ሥር ነው።