የለንደን ጋዜጦች ሙግትና የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጃገረዶች

በ2009 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 መጀመሪያ፣ የብሪታንያ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስቴር «የኛ» ለተባለው ኢትዮጵያዊ የሬዲዮ ድራማና የሙዚቃ ፕሮግራም ይሰጠው የነበረውን ገንዘብ ማቋረጡን አስታወቀ። ሚኒስቴሩ ያቀረበው ምክንያት የእርዳታ ገንዘብን ለተሻለ ውጤት ማዋል የሚቻልባቸው ሌሎች መንገዶች አሉ የሚል ነበር፤ ይሁን እንጂ ከውሳኔው በፊት ለዓመታት የተካሄደ የጋዜጣ ዘመቻ ስለነበረ፣ ዘመቻውን ያካሄዱት ወገኖች ውሳኔውን የተቀበሉት እንደ ራሳቸው ድል ቆጥረው ነው።

ዘመቻውን በግንባር ቀደምነት የመራው ዴይሊ ሜይል ብዙ አንባቢ ያለው፣ ወደ ወግ አጥባቂው የፖለቲካ ወገን የሚያደላና መንግሥት ለውጭ እርዳታ የሚያወጣውን ገንዘብ አጥብቆ የሚቃወም ዕለታዊ ጋዜጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የብሪታንያ ሕግ መንግሥት ከአገሪቱ ጠቅላላ ብሔራዊ ገቢ 0.7 በመቶውን በየዓመቱ ለእርዳታ እንዲያውል ያስገድድ ስለነበረ፣ ይህን ሕግ ለመቃወም የተነሣ ጋዜጣ አንባቢው በቀላሉ የሚረዳው፣ ቁጣም የሚቀሰቅስ ምሳሌ ያስፈልገው ነበር። አምስት ወጣት ሴቶች የሚተውኑበትና የሚያዜሙበት «የኛ» ለዚህ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። በ1990ዎቹ በዓለም ዙሪያ ከገነኑት አምስት እንግሊዛውያት ዘፋኞች ስም ተወስዶ «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፤ ቅጽሉም ለፕሮግራሙ ተመደበ ከተባለው 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ጋር ተያይዞ ርዕስ ሲሆን፣ ግብር ከፋዩ እንግሊዛዊ ገንዘቡ ለዘፈንና ለጭፈራ እየፈሰሰ ነው ብሎ እንዲያምን ተደረገ።

ፕሮግራሙ ከዚህ የራቀ ነበር። «የኛ» እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው የብሪታንያ መንግሥትና ናይክ ፋውንዴሽን በጋራ ባቋቋሙት፣ በኋላ ገርል ኢፌክት በሚል ስም በታወቀው ድርጅት አማካይነት ሲሆን፣ ሚሚ፣ እሙዬ፣ ሣራ፣ ሜላትና ለምለም የተባሉ አምስት ገጸ ባሕርያት ያሉበትን ተከታታይ ድራማ በአዲስ አበባ በሸገር ኤፍ ኤም፣ በአማራ ክልል ደግሞ በክልሉ ሬዲዮ ያስተላልፍ ነበር። ድራማውን የሚከተል ውይይትም ነበረው፤ በውይይቱ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትና የትምህርት ማቋረጥ ይነሡ ነበር። ዘፈኑ የገባው መልእክቱን ለማዳረስ ነው፤ ማንበብ የማይችል አድማጭ በሚበዛበት አገር ሬዲዮና ዜማ የሚደርሱበትን ቦታ መጽሔትና በራሪ ወረቀት አይደርሱበትም።

ለብሪታንያ አንባቢ ያልቀረበው፣ ክርክሩም ያለፈው ዋና ጉዳይ ይህ ፕሮግራም የሚናገርለት ሕይወት ነው። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊና ደቡባዊ ክፍል፣ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች በተዘረጉት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች፣ ጋብቻ በዋናነት የሁለት ቤተሰቦች ስምምነት ሆኖ ኖሯል። አባት ልጁን የሚድረው በሀብትና በዘር ይመጥነኛል ካለው ቤት ነው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ «ሰማንያ» በተባለው የውል ጋብቻም እያንዳንዱ ወገን ለአዲሶቹ ተጋቢዎች የሚሰጠው ከብት ይቆጠራል። መሬቱ የተሸረሸረበትና ዝናቡ የማይታመንበት ገበሬ ልጁን በጊዜ መዳሩን አርቆ እንደማሰብ ይቆጥረዋል፤ ልጅቱ ሳትዳር ብትቆይ «ቆማ ቀረች» መባሏ ያስፈራዋል፣ ከመንደር ርቆ ወዳለው ትምህርት ቤት ስትመላለስ በመንገድ ላይ እንዳትጠለፍም ይሰጋል። በቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ የማይመነኩስ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ማግባት ስላለበት፣ የካህናት ቤተሰቦች በለጋ ዕድሜ ያለች ልጅ መፈለጋቸው ልማዱን ከሚያጸኑት ነገሮች አንዱ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የተሻሻለው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ የደነገገ ሲሆን፣ የወንጀል ሕጉ ደግሞ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ ከዚያ በላይ ሆና 18 ያልሞላትን ያገባ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ኢትዮጵያውያት ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው፤ በአማራ ክልል ደግሞ ዕድሜው ከዚህም ያነሰ ነው። ልጅቱ ብዙ ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት ስለማይኖራት ዕድሜዋ በአባቷ ቃል ወይም በጤና ባለሙያ ግምት ይወሰናል። የሕግ ክትትሉ በጠበቀበት ጊዜ ሠርጉ በዝክር ወይም በተዝካር ስም ይደገሳል፤ ከበሮው ይቀራል፣ ጠላው ግን ይጠመቃል፣ ሙሽራዋም በሌሊት ትወሰዳለች። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው የሠርግ ወራት ሲያልፍ ወንበራቸው ባዶ የሚሆን ተማሪዎችን አስቀድመው የሚያውቁት የክፍል ኃላፊ መምህራን ናቸው። የለንደኑ ውሳኔ የተሰማው ይህ ወቅት ሊጀምር ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር።

ፕሮግራሙ ከትችት በላይ ነበር ማለት ግን አይቻልም። የብሪታንያን እርዳታ የሚመረምረው ነጻ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት ፕሮግራሙን በኋላ በጀመረው ድርጅት አመራርና አሠራር ላይ ከባድ ጉድለቶችን አመልክቶ ነበር፤ በሬዲዮ የተላለፈ ምክር የስንት አባቶችን ሐሳብ እንዳስለወጠ መለካትም አስቸጋሪ ነው። እነዚህ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግብር ከፋዩም የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ጥፋቱ ጥያቄዎቹ ወደ ጎን ተትተው ሙግቱ በአንድ የማላገጫ ስም ዙሪያ መካሄዱ፣ ገንዘቡ በስማቸው የወጣላቸው ልጃገረዶችም አለመጠየቃቸው ነው። «የኛ» በሌላ ገንዘብ ቀጥሎ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ መሸጋገሩ ይህን ጥፋት አያቃልለውም።

ባለጉዳዮቹ ያልተጠየቁበት የብሪታንያ ሙግት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ባሰራጨው ዘገባ፣ ለ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከተሰበሰበው እርዳታ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለአማፅያን ጦር መሣሪያ መግዣ ዋለ የሚል ክስ አሰማ፤ ባንድ ኤይድ የተባለው የቦብ ጌልዶፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቤቱታ ካቀረበ በኋላ፣ በኖቬምበር ወር ጣቢያው ገንዘቡ የባንድ ኤይድ ነው የሚል ግንዛቤ በመፍጠሩ ይቅርታ ጠየቀ። ክሱ ሲሰማም ይቅርታው ሲጠየቅም ተከራካሪዎቹ የብሪታንያ ተቋማት ነበሩ፤ ረሃቡን ያየው የሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬ በክርክሩ ቦታ አልተሰጠውም።

የለንደን ሙግት ከአንድ የሬዲዮ ድራማ የሚበልጥ ነገር ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ማለትም በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚገጥማቸው ቤተሰቦች በእርከን፣ በመንገድና በውኃ ሥራ ተሰማርተው ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኙበት አሠራር፣ በጋይንትና በስማዳ ብዙ ቤቶችን የደገፈ ሲሆን፣ ብሪታንያ ከመጀመሪያዎቹ ለጋሾች አንዷ ነበረች። የልማት ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተዋሐደ፤ 0.7 በመቶው በ2021 ወደ 0.5 ወረደ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ደግሞ በፌብሩዋሪ 2025፣ የመከላከያ ወጪን ለማሳደግ ሲባል፣ በ2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደሚወርድ አስታወቁ። ልጅን በጊዜ ለመዳር የሚገፋው አንዱ ምክንያት የቤቱ ችግር ስለሆነ፣ ይህ ቅነሳ በመጨረሻ የሚያርፍባቸው ሰዎች የልጃገረዶቹ ወላጆች ጭምር ናቸው።

የእንግሊዝ ጋዜጣ ለእንግሊዛዊ አንባቢ ቢጽፍ የሚያስወቅሰው ነገር የለም፤ የሚያሳዝነው የአማርኛው ጋዜጠኛም የለንደኑን ዜና ተርጉሞ ማለፉ ነው። የክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ሆነ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ ሄደው፣ የተዳሩትንም ከመዳር ያመለጡትንም፣ አባቶቻቸውንም፣ ቄሶቹንም፣ መምህራኑንም እንዲህ ያለ ፕሮግራም ምን እንደጠቀመና የት ላይ እንደጎደለ ይጠይቁ፤ መልሱንም በአማርኛ ያትሙት፣ በሬዲዮም ያሰሙት።