መርከቡ ሲቆም ሞተሩ አይቆምም

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ጣሊያን በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት እንቅስቃሴ ስታግድ ከቬኒስ ወጡ የተባሉትን ፎቶዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። የጠራ ውሃ፣ በቦዩ ውስጥ ዓሣ፣ ዶልፊን ሳይቀር። «ቱሪስት ሲጠፋ ከተማዋ ተነፈሰች» ተባለ።

ዶልፊኖቹ የቬኒስ አልነበሩም፤ የተቀረጹት ሰርዲኒያ ነው። ውሃውም የጠራው ጀልባ ስላላተራመሰውና ደለሉ ስለረጋ እንጂ ቆሻሻው ስለተወገደ አይደለም። አየሩ ግን በእርግጥ ተለውጧል። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በሰሜን ጣሊያን ምን ያህል እንደቀነሰ ከሳተላይት ሳይቀር ታይቷል። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ ግን ያን ያህል አልቀነሰም። ቬኒስ ያለችበት የፖ ሸለቆ በተራራ የታጠረ ነው፣ ነፋሱም ደካማ ነው፤ የቤት ማሞቂያው ጭስና ከከብት እርባታው የሚነሣው አሞኒያ ደግሞ ቱሪስት ኖረ አልኖረ አይቋረጥም። እንዲያውም በዚያው ወር መጨረሻ ከካስፒያን ባሕር ማዶ የመጣ አቧራ ጎዳናዎቹ ጭር ባሉበት ሰዓት የብናኙን መጠን ወደ ላይ አስፈንጥሮታል።

እኛ በጉዞ ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች እርስ በርስ የምናወራው፣ ለእንግዳ ግን እምብዛም የማንነግረው ሌላ ነገር ነው፦ የሚያጨሰው እንግዳው ሳይሆን እንግዳው የመጣበት መርከብ ነው። የሚያጨሰውም ሲጓዝ ብቻ አይደለም።

የመዝናኛ መርከብ ወደብ ሲደርስ መንገደኛው ወርዶ ከተማ ይገባል። በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች ግን ማቀዝቀዣቸው እንደሠራ ነው። ወጥ ቤቱ ለእራት ይሰናዳል፣ ልብስ ማጠቢያው ይዞራል፣ የሥጋ ማከማቻው ይቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው መብራት ከመርከቡ ጄኔሬተር ይመነጫል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ነዳጅ ይነድዳል። በአውሮፓ ወደቦች ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆም መርከብ እስከ 0.1 በመቶ ሰልፈር ያለው ነዳጅ እንዲጠቀም ይፈቀድለታል። ትንሽ ይመስላል፤ ለመኪና ናፍጣ ከተፈቀደው ግን መቶ እጥፍ ነው። ይህ ጭስ የሚወጣው ከሰው መስኮት ፊት ለፊት መሆኑን አስቡት።

በወረርሽኙ ጊዜስ መርከቦቹ የት ሄዱ? ብዙዎቹ ሠራተኞቻቸውን እንደያዙ መልህቅ ጥለው ቆሙ፤ አንዳንዶቹ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ሌሎቹ በማኒላ ባሕረ ሰላጤ። ሠራተኛው ይበላል፣ ይተኛል፣ መብራት ያበራል። ስለዚህ ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ከፊሉም ቦታ ቀየረ።

እኔን የሚያስቆጨኝ ሰዉ ከዚያ ጊዜ የወሰደው ትምህርት «ቱሪስት ይቅር» የሚል መሆኑ ነው። በቱሪስት የሚያድር ስንት ቤተሰብ አለ! መፍትሔው ከዚያ ይቀርባል። በራሷ በቬኒስ ከኦገስት 1፣ 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በከተማዋ የጁዴካ ቦይ እንዳያልፉ ታገዱ። እንግዳው ተመለሰ፤ ከመዝናኛ መርከቦች የሚወጣው የሰልፈር ጭስ ግን ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው በ80 በመቶ ገደማ ቀነሰ። አንዳንዶቹ መርከቦች ወደ ትሪየስቴና ራቬና መዞራቸውንም ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ የዚያ ሰው ሳንባም ሳንባ ነው።

ሁነኛው መላ መርከቡን እንደ ቤት ዕቃ ከመሬት መብራት ላይ መሰካት ነው። በአላስካዋ ጁኖ ይህ ከ2001 ጀምሮ ይሠራል። በአውሮፓ ኅብረት ዋና ዋና ወደቦች ለመንገደኛ መርከቦች ግዴታ የሚሆነው ግን ገና በ2030 ነው።

እስከዚያው ቲኬት ስትቆርጡ ሻጩን ጠይቁት። «መርከባችን መሰኪያ አለው» ቢላችሁ በዚያ እንዳትረኩ፤ «የሚያርፍባቸው ወደቦችስ መስመር አላቸው ወይ?» በሉት። መስመር ከሌለ መሰኪያ ያለው መርከብም ጄኔሬተሩን አያጠፋም።