ስለ ቤት ብድር ደላላ ጠባይ

ባልና ሚስት ጎጆ ከወጡበት ቀን ጀምሮ የሚመኙት ልጆቻቸውን በገዛ ጣራቸው ሥር ለማሳደግ ነው። ነገር ግን የቤትን ዋጋ በአንድ ጊዜ ቈጥሮ የሚከፍል ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ በአሜሪካ አገር ብዙው ሰው የሚገዛውን ቤት ራሱን መያዣ አድርጎ ይበደርና ዕዳውን እስከ 30 ዓመት ድረስ በየወሩ ይከፍላል። በዚህ ጊዜ በተበዳሪውና በአበዳሪው መካከል ገብቶ የሚያዋውል ደላላ አለ። እኛም ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ሰው ጠባይ ነው።

ደላላው ዋጋውን የሚያገኘው ብድሩ ሲፈጸም ስለ ሆነ ፈተናው ከዚሁ ይጀምራል። ተበዳሪው ቢፈርም ይጠቀማል፤ ቢተወው ግን ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ «ጥቂት ቈዩ» ብሎ የሚመክር ደላላ ከራሱ ኪስ አውጥቶ እንደ ሰጠ ይቈጠራል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2008 ዓመተ ምሕረት በፊት በነበሩት ዓመታት እንዲህ ያለው ምክር በብዙ ቦታ ጠፍቶ ነበር። ወለዱ ለ2 ዓመት ዝቅ ብሎ ቈይቶ በኋላ ከፍ የሚል ብድር ተስፋፋ፤ የብዙ ተበዳሪዎችም ገቢ ሳይመረመር በቃል ብቻ ይጻፍ ነበር። ደላላውም ወለዱ ከፍ ያለውን ብድር ሲያዋውል ከአበዳሪው የበለጠ ዋጋ ሊያገኝ ይችል ነበር። ለምሳሌ አንድ አባወራ 200,000 ዶላር በ30 ዓመት ሊከፍል በመቶ 7 ወለድ ቢበደር በወር 1,330 ዶላር ያህል ይከፍላል። ከ2 ዓመት በኋላ ወለዱ በመቶ 10 ቢሆን ግን የወሩ ክፍያ 1,740 ዶላር ያህል ይደርሳል። ደመወዙ ሳይጨመርለት ይህን 400 ዶላር ከወዴት ያመጣዋል? የቤት ዋጋ በወደቀ ጊዜም ሸጦ ዕዳውን ለመክፈል ስላልተቻለ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ቤቶች በአበዳሪዎች ተወሰዱ።

ከዚህ በኋላ በ2008 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉት አዋዋዮች በመዝገብ እንዲገቡና ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ። በ2010 የወጣው ሕግም የደላላው ዋጋ በወለዱ ከፍታ እንዳይጨምር ከለከለ። ሕግ ግን ክፉውን ሥራ ይከለክላል እንጂ የሰውን ልብ ደግ አያደርግም።

ይህም በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ በሚኖሩት ወገኖቻችን ዘንድ ይታያል። የባንኩ ወረቀት የመኪናውን ዕዳና የሌላውን ብድር ይጠይቃል፤ አገር ቤት ላሉት እናት በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ ግን አይጠይቅም፤ ዕቁቡንም አያውቀውም። ደግ ደላላ ባልና ሚስቱን በአንድነት አስቀምጦ «ለቤተ ዘመድ በየወሩ ስንት ትልካላችሁ? ዕቁባችሁስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ የሚፈቅደው የገንዘብ ልክና ቤተ ሰቡ ሳይቸገር የሚችለው ልክ ልዩ ልዩ መሆኑን ያውቃልና። ዕቁብ ደርሷቸው ብዙ ገንዘብ ባንክ ያገቡ እንደ ሆነም ባንኩ ምንጩን ሲጠይቅ እንዲደብቁ አይመክራቸውም፤ እውነቱን በጽሑፍ እንዲያስረዱ ይረዳቸዋል።

ደግሞም ውሉ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ አንዳንዱ ሰው «የአገር ልጅ ነው» ብሎ ሳያነብ ይፈርማል። ታማኝ ደላላ ይህን እምነት እንደ አደራ ቈጥሮ ቃሉን ሁሉ በአማርኛ ያስረዳል። ከ2015 ጀምሮ አበዳሪው የመጨረሻውን ሒሳብ ከመፈራረሙ 3 የሥራ ቀን አስቀድሞ ለተበዳሪው እንዲያደርስ ታዟል። እነዚህ ቀኖች ባልና ሚስት ማታ ልጆቻቸውን አስተኝተው ወረቀቱን በአንድነት የሚያነቡባቸው ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፣ ወይም በዚያ አገር የሚኖሩ ልጆቻችሁ፣ ደላላ ዘንድ በሄዳችሁ ጊዜ የንግግሩን ጣፋጭነት አትመልከቱ። ወለዱ የሚለወጥ እንደ ሆነ፣ ቢጨምር የወሩ ክፍያ ስንት እንደሚሆን ጠይቁት። ቀጥሎም «ብድሩን ለሚመጣው ዓመት ብናቈየውስ?» በሉትና ፊቱን እዩ። ወረቀቱን አጥፎ «መልካም ነው፤ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል አስቀምጡ፤ ይህን ዕዳ ክፈሉ» ብሎ የሚያሰናብታችሁ ሰው ቢገኝ አድራሻውን በደኅና ቦታ አኑሩ፤ ዓመቱ ሲደርስም ወደ እርሱ ተመለሱ።