በርበሬ ወደ አሜሪካ ከመላኩ በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

በማረቆም ሆነ በአላባ በርበሬ የሚያለማ ገበሬ ድካሙ በማሳው ላይ ብቻ አያበቃም። ዘሩን በመደብ አፍልቶ፣ ችግኙን አዛውሮ ተክሎ፣ አርሞና ኰትኵቶ፣ ቀዩን ዛላ ለቅሞ ካደረቀ በኋላ የልፋቱን ዋጋ የሚያገኘው ዕቃው በደኅና ከገዢው እጅ ሲገባ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከአገራቸው የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ ስለሚሹ፣ ይህ ገበያ ለገበሬውም ለነጋዴውም ጠቃሚ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዱቄቱ ወደብ ደርሶ እንዳይታገድ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በርበሬውን ፈጭቶ ያሸገው ድርጅት በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ የተመዘገበ መሆኑ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በአውሮጳ አቈጣጠር በ2002 ዓ. ም. ባወጣው ሕግ፣ ለአሜሪካ ሕዝብ የሚቀርብ ምግብ የሚያዘጋጅ፣ የሚያሽግ ወይም በመጋዘን የሚያስቀምጥ ድርጅት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር መሥሪያ ቤት እንዲመዘገብ ታዝዟል። በውጭ አገር ያለ ድርጅት ደግሞ በአሜሪካ የሚገኝ ወኪል መሰየም ግዴታው ነው። ገበሬው ስለ እርሻው እንዲመዘገብ አይገደድም፤ ፈጭቶ አሽጎ የሚልከው ድርጅት ግን ይገደዳል። መመዝገብ ሲገባው ካልተመዘገበ ድርጅት የመጣ ምግብ ወደብ ላይ ይያዛል።

አንድ ጊዜ መመዝገብም አይበቃም። በ2011 ዓ. ም. የወጣው ሕግ ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ እንዲታደስ ያዛል። የማደሻው ጊዜ እንደ 2022 እና 2024 ባሉት ሙሉ ቍጥር ዓመታት ከኦክቶበር 1 ቀን እስከ ዲሴምበር 31 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ያላደሰ ድርጅት ምዝገባው ያልፍበታል።

ብዙ ሰው የሚታለለው በወረቀት ነው። አንዳንድ የግል ድርጅቶች ማኅተም ያረፈበት ያማረ የምስክር ወረቀት በገንዘብ ይሸጣሉ። መሥሪያ ቤቱ ግን ለምዝገባ ዋጋ አይጠይቅም፤ የምዝገባ ምስክር ወረቀትም አይሰጥም። የተመዘገቡት ድርጅቶች ዝርዝርም በሕግ ለሕዝብ ስለማይገለጥ፣ ገዢም ሆነ ሻጭ ስሙን ከመዝገብ ፈልጎ ሊያገኝ አይችልም።

ስለዚህ የገበሬዎች ማኅበር ምርቱን ከማስረከቡ በፊት ባለ ድርጅቱን ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተላከለትን ማረጋገጫ ከነምዝገባ ቍጥሩ እንዲያሳይ፤ ሁለተኛ፣ ምዝገባው በመጨረሻው የማደሻ ዘመን መታደሱን እንዲያስረዳ፤ ሦስተኛ፣ በአሜሪካ ያለው ወኪሉ ማን እንደ ሆነና ውክልናውን መቀበሉን እንዲገልጽ ነው።

መመዝገብ ግን ለምግቡ ንጽሕና ዋስ አይሆንም። ቍጥሩ የተሟላ ቢሆንም፣ እርጥበት ባለው መሬት ላይ ተሰጥቶ የሻገተ በርበሬ ጤናን ይጎዳል፤ ገበያም ያሳጣል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደ ተባለ፣ በመነሻው ያልተጣራ ነገር ዳር ሲደርስ ያዋርዳል። በወፍጮው ደጅ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ የዓመቱን ድካም ከወደብ ላይ ኪሣራ ያድናል።