የጭነት መኪናችን ዘይት መቼ ይቀየራል?

ሰኔ ሲቃረብ ገበሬው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። «ማዳበሪያው መጣ ወይ?» ይላል። ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ይነሣል። ወደ ላስታ የሚመጣው ወልድያን አልፎ፣ የድልብን አቀበት ወጥቶ፣ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክሞት የሚመጣው የጭነት መኪና ነው። መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ ዘር ያልፋል። ክረምት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

የመኪና መቆም ምን እንደሆነ አዛውንቶቻችን ያውቁታል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ብዙው የእርዳታ እህል ከአሰብ ወደብ ወደ ወሎ የተጓዘው በጭነት መኪና ነበር። እህል ወደብ ላይ ቢኖርም፣ መኪና ካላመጣው የተራበ ሰው አፍ ውስጥ አይገባም።

ዛሬ የራሳቸው የጭነት መኪና ያላቸው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች አሉ። የማኅበር መኪና የእያንዳንዱ አባል ንብረት ነው። ስለዚህ የሞተር ዘይት ነገር የሹፌሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛም ልናውቀው ይገባል።

አንድ ማኅበር አለ እንበል። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሹፌሩ ወደ ገንዘብ ያዡ ይመጣል።

«አያ፣ የመኪናዋ ዘይት መቀየሪያ ደርሷል። ገንዘብ ይፍቀዱልኝ» ይላል።

«ለፋሲካ ሰሞን ቀይረህ የለም እንዴ? እስኪ ትንሽ ትቆይ። ማዳበሪያውን እናስገባና እናያለን» ይላሉ ገንዘብ ያዡ።

ገንዘብ ያዡ ክፉ ሰው አይደሉም። የአባላቱን ብር መጠበቃቸው ነው። ሹፌሩም አላጠፋም። ታዲያ እውነቱ ከማን ጋር ነው? ለዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድመን ስለ ተርቦ እንወቅ።

ተርቦ ምንድን ነው?

ሞተር የሚሠራው ናፍጣን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። በደጋ አገር ግን አየሩ ስስ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው መኪና ደጋ ሲወጣ ጉልበት ያንሰዋል።

ተርቦ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው። አየር እየነፋ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ወናፉን የሚነፋው ግን ሰው አይደለም፤ ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ነው። ውኃ የወፍጮን መዘውር እንደሚያዞር፣ ጭሱም አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል። በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ሁለተኛ መዘውር አለች። እርሷም አየሩን ወደ ሞተሩ ትገፋለች።

ይህ ዘንግ በአንድ ደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ብረት በብረት ላይ እንዲህ ቢዞር ወዲያው ይቃጠል ነበር። የሚያድነው በመካከሉ ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ብረቱን ያለሰልሳል፤ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ቆሻሻውንም ያጥባል። ዘይት ሲያረጅ ይህን ሁሉ መሥራት ያቅተዋል። ቀድሞ የሚጎዳውም ተርቦው ነው።

የትኛውን ዘይት እንግዛ?

ለዚህ መልስ የሚሰጠን ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የሚያዘው የዘይት ዓይነት ተጽፎበታል። በዘይቱ ጣሳ ላይም ቁጥርና ፊደል አለ። ሁለቱን አስተያይቶ መግዛት ነው።

ለምሳሌ በብዙ የናፍጣ ጭነት መኪናዎች የሚገባው ዘይት «15 ደብልዩ 40» ይባላል። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ያመለክታል። ቁጥሩ ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። የኋለኛው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ሲግል የዘይቱን ውፍረት ያመለክታል። ቁጥሩ ሲበልጥ ዘይቱ ይወፍራል።

ማርን እናስብ። በጠዋት ብርድ ከማሰሮው አልወጣ ይላል፤ እሳት ዳር ሲቀመጥ ግን እንደ ውኃ ይፈሳል። ዘይትም እንዲሁ ነው። በላስታ ውርጭ በሚያድርበት ወር ሞተር ሲነሣ ዘይቱ ቶሎ ወደ ተርቦው መድረስ አለበት። ከዚያ መኪናው ጭኖ አቀበት ሲወጣ ዘይቱ ከልክ በላይ መቅጠን የለበትም። ሁለት ቁጥር ያለው ዘይት የተሠራው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው «ዘይት በወፈረ ቁጥር ሞተር ይጠብቃል» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ወደ ተርቦው የሚሄደው የዘይት ቧንቧ ቀጭን ነው። ከልክ በላይ የወፈረ ዘይት በጠዋት ቶሎ አይደርስለትም።

ፊደሎቹም ትርጉም አላቸው። «ሲ» በሚለው የፈረንጅ ፊደል የሚጀምረው ምልክት ለናፍጣ ሞተር ነው። «ኤስ» በሚለው የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር ነው። ከ«ሲ» ቀጥሎ ያለው ፊደል ደግሞ ደረጃውን ያሳያል። «ሲ ኤች 4» ከ«ሲ ኤፍ 4» በኋላ የወጣ ነው፤ «ሲ አይ 4» ደግሞ ከሁለቱም በኋላ። መጽሐፉ ከሚያዘው ደረጃ በታች የሆነ ዘይት ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛም። ክዳኑ የተነካካ ወይም ማኅተሙ የተቀደደ ጣሳም አይገዛም።

መቼ ይቀየር?

ብዙ ሰው ዘይቱን በዓይኑ አይቶ፣ በጣቱ አሽቶ መፍረድ ይወዳል። ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ በኋላ ቶሎ ይጠቁራል። ጥላሸቱን ከሞተሩ አጥቦ መያዙ ሥራው ስለሆነ ነው። ስለዚህ መጥቆሩ ብቻ ማርጀቱን አያመለክትም። እንደ ወተት ከነጣ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ የናፍጣ ሽታ ካለውና ከቀጠነም ናፍጣ ተቀላቅሎበታል። ያን ጊዜ መኪናውን አቁሞ መካኒክ መጥራት ነው።

የመቀየሪያው ጊዜ የሚታወቀው በኪሎ ሜትር ነው። የብዙ መኪናዎች መጽሐፍ ለቀላል ሥራና ለከባድ ሥራ የተለያየ ልክ ይሰጣል። ከባድ ሥራ የሚባለው አቧራ፣ ዳገት፣ ሙሉ ጭነትና ሞተር ሳይጠፋ ረጅም ጊዜ መቆም ነው። ይህ ሁሉ በእኛ አገር አለ። እንግዲህ መጽሐፉ ለቀላል ሥራ 10,000፣ ለከባድ ሥራ 5,000 ኪሎ ሜትር ቢል፣ የእኛ ልክ 5,000 ነው። ዘይቱ ሲቀየር የዘይት ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። ንጹሕ ዘይት በቆሻሻ ፊልትሮ ማለፍ የለበትም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቢበላሽስ? ጉዞውን መቁጠር ይቻላል። ከላሊበላ ወልድያ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልሱ 340 ይሆናል። 14 ደርሶ መልስ 4,760 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ከ14 ጉዞ በኋላ ዘይቱ ይቀየር። መኪናው በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተመላለሰ 7 ሳምንት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሹፌሩና ወደ ገንዘብ ያዡ እንመለስ። ከፋሲካ ሰሞን እስከ ግንቦት መጨረሻ ስንት ሳምንት ነው? 7 ያህል ነው። መኪናው ያለ ዕረፍት ሲመላለስ ከሰነበተ ሹፌሩ እውነቱን ነው። ገንዘብ ያዡ የአንድ ጊዜ ዘይት ዋጋ ለማትረፍ ብለው ተርቦውንና ሞተሩን ለአደጋ ይሰጣሉ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ሹፌሩ ምን ያድርግ?

ጠዋት ሞተር ከማስነሣቱ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ የዘይቱን ልክ ይይ። ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ማነሱም መብዛቱም ይጎዳል። ሞተሩ እንደተነሣ ነዳጅ መስጫውን አይርገጥ፤ ዘይቱ ተርቦው ድረስ እስኪደርስ ይታገሥ።

አቀበት ወጥቶ ሲደርስም ሞተሩን ወዲያው አያጥፋ። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። ሞተር ሲጠፋ የዘይቱም ዝውውር ይቆማል። በጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት፣ እሳት ላይ እንደተረሳ ቅቤ አርሮ ይጠቁራል። ያ ያረረው ነገር ቀጭኑን ቧንቧ ይደፍናል።

የተቃጠለ ዘይትስ?

ከሞተር የወጣ ዘይት መርዝ አለበት። መሬት ላይ ወይም ወንዝ ዳር አይደፋም። የከብት ቁስል አይቀባም። ሰውም በገላው እንዳይነካው ይጠንቀቅ። የነበረበት ጄሪካን የውኃም የምግብ ዘይትም መያዣ አይሁን። ከድኖ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጦ፣ ለሚሰበስብ ጋራዥ መስጠት ይሻላል።

ደብተሩ

ለአንድ መኪና አንድ ደብተር ይበቃል። እንዲህ ተብሎ ይጻፍበት።

«ሚያዝያ 3። ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ። ኪሎ ሜትር 84,000። የሚቀጥለው 89,000።»

ሹፌሩ ይፈርምበት፤ ገንዘብ ያዡም ይፈርሙበት። ከዚያ በኋላ «ገና ነው» «ደርሷል» እየተባለ ክርክር አይነሣም። ደብተሩን ገልጦ ማንበብ ነው። ማንበብ የሚችል አባል ሁሉ በስብሰባ ላይ «እስኪ ደብተሩ ይታይ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ፊደል መቁጠራችን የጋራ ንብረታችንን ለመጠበቅ ይረዳናል የምንለው ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች

1. ተርቦ በደጋ አገር ለምን ይጠቅማል?
2. ዘይት መጥቆሩ ብቻ ማርጀቱን ያመለክታልን?
3. አንድ መኪና በደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዘይቱ በ5,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ከሆነ፣ ከስንት ደርሶ መልስ በኋላ ይቀየራል?
4. በእናንተ ቀበሌ ያለው የናፍጣ ወፍጮ ዘይቱ የተቀየረበት ቀን ተጽፏልን? ጠይቁና ተወያዩበት።