ገለዓድን የሚያይ አእምሮ

መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ገለዓድን የሚያውቃት ከዮርዳኖስ ማዶ ያለች፣ በበለሳኗ የታወቀች የመድኃኒት አገር አድርጎ ነው። ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት አትዉድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው «ዘ ሃንድሜድስ ቴል» ልብ ወለድ ውስጥ ግን ገለዓድ የአሜሪካን መንግሥት ገልብጦ ሥልጣን የያዘ አምባገነን ሥርዓት ነው። በዚህ አገር ሴት ማንበብ አይፈቀድላትም። የባንክ ሒሳቧ በአንድ ቀን ይታገዳል። መውለድ የምትችለው ደግሞ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ለባለሥልጣን ቤት ትሰጣለች፤ በራሷ ሳይሆን በጌታዋ ስም ትጠራለች፤ የወለደችውን ልጅ ለእመቤቲቱ ታስረክባለች። ሥርዓቱ ለዚህ ሁሉ ማመካኛ የሚያደርገው ራሔል ባሪያዋን ባላን ለያዕቆብ የሰጠችበትን የኦሪት ታሪክ ነው።

ታሪኩ ከ2017 ጀምሮ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ቀርቦ፣ ስድስት ምዕራፍ ዘልቆ፣ በ2025 ተጠናቋል። ለማየት ከባድ ነው። ክብደቱን የሚጨምረው አትዉድ ለራሷ ያወጣችው ሕግ ነው፤ የሰው ልጅ በሆነ ቦታ፣ በሆነ ዘመን ያላደረገውን ነገር በመጽሐፏ አላስገባችም። የሮማንያው ቻውሼስኩ በ1966 ባወጣው ድንጋጌ ውርጃን ከልክሎ የሴቶችን ማኅፀን የመንግሥት ጉዳይ አድርጎት ነበር። በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ ሥር፣ ከ1976 እስከ 1983 ባሉት ዓመታት፣ ከታሳሪ እናቶች የተነጠቁ ሕፃናት ለአገዛዙ ቅርብ ለሆኑ ቤተሰቦች ተሰጥተዋል።

ታዲያ ሲደክም የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ይህን መከራ ለማየት ለምን ይቀመጣል?

የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ በ2016 ያሳተሙት ጥናት አንድ ፍንጭ ይሰጣል። ለተወሰኑ ሰዎች የአንድ ቤት አልባ ሰው አሳዛኝ ሕይወት የሚተርክ ፊልም፣ ለሌሎቹ ዘጋቢ ፊልም በቡድን አሳዩአቸው። ከፊልሙ በፊትና በኋላ ሁሉም ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ያለ ወንበር ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ሕመሙን እስከሚችሉት እንዲታገሡ ተደረገ። አሳዛኙ ፊልም ልባቸውን የነካቸው ሰዎች ከበፊቱ የበለጠ ታገሡ፤ አብረዋቸው ላዩትም ሰዎች የበለጠ ቅርበት ተሰማቸው። ተመራማሪዎቹ ይህን የሚያያይዙት ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው የሕመም ማስታገሻ፣ ከኢንዶርፊን ጋር ነው። ለቅሶ ቤት ውሎ የሚያውቅ ሰው ውጤቱ አይገርመውም፤ አብረው ያለቀሱ ሰዎች ይቀራረባሉ።

ይህ ግን የሐዘንን ስሜት እንጂ ጭቆናንና ጽናትን አያስረዳም። ለእሱ ወደ 1967 መመለስ ያስፈልጋል። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር በውሾች ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ፤ በእኔ እምነት ዛሬ ሊደገም የማይገባው ሙከራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ውሾች የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲደርስባቸው አንድ ሰሌዳ በራሳቸው ከገፉ ንዝረቱ ይቆም ነበር። ሁለተኛዎቹ ልክ ያንኑ ያህል ንዝረት ቢደርስባቸውም ምንም ቢያደርጉ አይቆምላቸውም። ቀጥሎ ሁሉም አጭር አጥር ዘለው ማምለጥ ወደሚችሉበት ሳጥን ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ዘለሉ። ከሁለተኛዎቹ አብዛኞቹ ዝም ብለው ተቀመጡ፣ ንዝረቱንም ተቀበሉ። ሕመሙ እኩል ነበር፤ የለያያቸው ድርጊታቸው ለውጥ ማምጣቱና አለማምጣቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት የሥነ ልቦና መማሪያዎች «እንስሳት ተስፋ መቁረጥን ይማራሉ» ሲሉ ኖሩ።

በ2016 እነዚሁ ሁለት ሰዎች የራሳቸውን ማብራሪያ ገለበጡት። ማየር በአይጦች አንጎል ላይ ለዓመታት ባደረገው ምርምር ያገኘው ተቃራኒውን ነበር። ሥቃይ ሲረዝም በአንጎል ግንድ ውስጥ ዶርሳል ራፌ የሚባለው፣ ሴሮቶኒን የሚያመነጨው የሕዋሳት ስብስብ ይነሣሣና እንስሳውን ያፈዘዋል። ለዚህ ትምህርት አያስፈልግም፤ በተፈጥሮ ያለ ነው። ትምህርት የሚያስፈልገው ሌላው ነው። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል «ያደረግሁት ነገር ለውጥ አመጣ» የሚለውን ሲገነዘብ ወደ ታች መልእክት ልኮ ያንን ስብስብ ጸጥ ያሰኘዋል። ይህን አንዴ የቀመሰ እንስሳ በኋላ ማስቆም የማይችለው ሥቃይ ቢገጥመውም በቀላሉ አይፈዝም። መፍዘዝ አብሮን የተወለደ ነው፤ የምንማረው መቋቋምን ነው።

የድራማውን ምርጥ ሰዓታት በዚህ ዓይን ሳያቸው ኃይላቸው ይገባኛል። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ጁን በአንደኛው ምዕራፍ ገለዓድን አትጥልም። እውነተኛ ስሟን በልቧ ትይዛለች፤ የታፈኑ ሴቶች ደብዳቤዎች የታጨቁበትን ጥቅል ትደብቃለች። በምዕራፉ መዝጊያ ላይ ባልንጀራቸውን ጃኒንን በድንጋይ ወግረው እንዲገድሉ የታዘዙት ሴቶች በየተራ ድንጋዩን መሬት ላይ ይጥሉታል። ሥርዓቱ አይፈርስም፤ የጃኒን ሕይወት ግን ለዚያ ሰዓት ይተርፋል። በኋላኞቹ ምዕራፎች፣ ሥቃዩ እየተደጋገመ ድርጊቷ የሚለውጠው ነገር ሲያንስ፣ ድራማው የተዳከመ ይመስለኛል።

መመልከት ማድረግን አይተካም፤ አስተሳሰብን ግን ይነካል። አሜሪካውያኑ ካልቨርት ጆንስና ሴሊያ ፓሪስ በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ እንደ «ዘ ሃንገር ጌምስ» ካለ የጭቆና ልብ ወለድ ቅንጭብ ያዩ ሰዎች፣ ኢፍትሐዊነትን ለመታገል ሕግ መጣስና ኃይል መጠቀም ተገቢ ሊሆን ይችላል የማለት ዝንባሌያቸው ጨምሮ ተገኝቷል። የመኪና ማሳደድና ድብድብ የሞላበት ፊልም ተመሳሳይ ውጤት አላመጣም። ይህ ድፍረትም አደጋም አለበት። በ2017 በቴክሳስ ምክር ቤት የገለዓድን ሴቶች መስለው፣ ቀይ ቀሚስና ነጭ ቆብ አድርገው፣ ለተቃውሞ ዝም ብለው የተቀመጡት ሴቶች የመረጡት ሰላማዊውን መንገድ ነው።

መጠኑም ወሳኝ ነው። ከ2013ቱ የቦስተን ማራቶን የቦምብ ጥቃት በኋላ በተደረገ ጥናት፣ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ጥቃቱ የተከታተሉ ሰዎች፣ በቦታው ከነበሩት የበለጠ ጭንቀት ታይቶባቸዋል። ያ ዜና እንጂ ድራማ አልነበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ አከታትሎ ለሚያይ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል።

ከሁሉም በላይ ይህን ታሪክ የኖሩት ሰዎች አሉ። ቀይ ሽብርን ያለፈ አባት፣ በአረብ አገር በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ ፓስፖርቷ ተነጥቆ በሰው ቤት የተዘጋባት እህት፣ ገለዓድን እንደ ልብ ወለድ ላያዩት ይችላሉ። የሚያስታውስ ምስል ብቻውን ልብን ሊያስመታ፣ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ድራማውን የምታዩ ከሆነ በአንድ ማታ አንድ ክፍል ይበቃል፤ ከሰው ጋር እዩት፤ ሲያልቅ ተነጋገሩበት። አጠገባችሁ እንዲህ ያለ ሕይወት ያሳለፈ ሰው ካለ ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁት፤ አልፈልግም ካለ አትክፈቱት።