ከንፈር ይመለሳል

ትራምፔት ቂመኛ መሣሪያ ነው። ፒያኖ የተማረ ሰው ሃያ ዓመት ተለይቶት ቢመለስ ጣቱ ይደነቃቀፋል እንጂ ቁልፉን በነካ ቁጥር ድምፁ ይወጣለታል። ክራርም ክሩ ተቀይሮ ከተቃኘ እሺ ይላል። ትራምፔት ግን ለሁለት ሳምንት ሲያኮርፉት መልሶ ያኮርፋል። በወጣትነታቸው በትምህርት ቤት ባንድ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት ወይም በቀበሌ ኪነት ሲነፉ የነበሩ ሰዎች ስድሳን ሲጠጉ ሣጥኑን ከቁም ሣጥን አናት ላይ አውርደው አንዴ ይሞክሩና፣ በሚወጣው ድምፅ ደንግጠው «በቃ፣ አበቃልኝ» ብለው ወደ ቦታው የሚመልሱት ለዚህ ነው።

አላበቃላቸውም። ከብዙ ዓመት በኋላ ትራምፔትን የሚያስተው ዕድሜ ሳይሆን ችኮላ ነው። ከችኮላም ውስጥ ዋነኛዋ ማውዝፒሱን፣ ማለትም የሚነፋበትን አፉን፣ ከንፈር ላይ መጫን ናት። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለ እሷ ለመናገር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን የተጠቀለለ የናስ ቱቦ ነው። ሦስት ፒስተኖች አሉት፤ ሲጫኗቸው ቱቦው ይረዝምና ድምፁ ይወርዳል። የመጀመሪያው አንድ ሙሉ ቶን፣ ሁለተኛው ግማሽ ቶን፣ ሦስተኛው አንድ ቶን ተኩል ያወርዳል። የቀረውን ሁሉ የሚሠራው ከንፈር ነው።

በአገራችን ትራምፔት የተተወው በስንፍና አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ሲነፉ ያዩዋቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ካስመጡና ኬቮርክ ናልባንዲያን የሙዚቃ መሪያቸው ከሆነ ወዲህ የናስ መሣሪያ በክቡር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ሥር ሰደደ። ከዚያም ወደ ቴአትር ቤቱና ወደ ሆቴሎቹ ዘለቀ። በኋላ የደርግ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጭፈራ ዘጋው። ኪቦርድ ደግሞ መጣና የሦስት ነፊ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ገባ፤ ካሴት አሳታሚውም ርካሹን መረጠ። ሌላም ምክንያት አለ፤ መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የነፋ ሰው ጡረታ ሲወጣ ትራምፔቱን ለንብረት ክፍል አስረክቦ፣ ደረሰኙን ይዞ ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። እንዲህ ያለ ሰው «ለምን ተውከው?» ተብሎ ሊጠየቅ አይገባውም።

ወደ ከንፈሩ ልመለስ።

ብዙ ሰው ትራምፔት የሳንባ ጉልበት ይጠይቃል ብሎ ያምናል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች «በዚህ አየር፣ በዚህ ዕድሜ እንዴት ተደርጎ?» የሚሉኝ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ትራምፔት አየር የሚበላ መሣሪያ አይደለም። ዋሽንትም ሆነ ቱባ ከእሱ የበለጠ ትንፋሽ ይጨርሳሉ። ትራምፔት የሚፈልገው ትንሽ ግን የማይቆራረጥ አየርና በዚያ አየር የሚርገበገብ ለስላሳ ከንፈር ነው። ኦርኬስትራ የሚቃኝበትን ላ ለማውጣት ከንፈር በአንድ ሰከንድ 440 ጊዜ መከፈትና መዘጋት አለበት። ይህን የሚያህል ሥራ የሚሠራ ሥጋ ደም ሊዘዋወርበት፣ ሊላላና ሊንቀሳቀስ ይገባዋል። በቦታው የሚይዙት በአፍ ግራና ቀኝ ጥግ ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ሰው ትራምፔት ሲተው የሚላሉት እነዚህ ናቸው፤ ጆሮው፣ የጣቱ ትዝታ፣ የዜማ ዕውቀቱ አብረውት አሉ።

አደጋውም ከዚህ ይመጣል። ተመላሹ ነፊ በሃያ አምስት ዓመቱ ያወጣት የነበረችው ከፍተኛ ድምፅ በጆሮው ትጮሃለች። ጡንቻው ግን ሊያወጣት አይችልም። ያኔ ግራ እጁ ሳያስበው ይደርስለታል፤ ትራምፔቱን ወደ ፊቱ ይስበዋል። ከንፈር በማውዝፒሱ ቀለበትና በጥርስ መካከል ይጨመቃል፤ በጉልበት ይጠብባል፤ ድምፁም ይወጣል። መውጣቱ ነው ክፋቱ፤ ባይወጣ ኖሮ ሰውየው ይተወው ነበር። ጥቂት ደቂቃ ከዘለቀ በኋላ ግን ከንፈሩ ደም አጥቶ ይደነዝዛል፣ ቀለበቱ በነጭ ክብ ይታተምበታል። ድምፁም መጀመሪያ አየር ይቀላቅላል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም እምቢ ይላል። በማግሥቱ ያበጠ ከንፈር ይዞ ይነሳና «ከትናንቱ ባሰብኝ» ይላል። ሰውየው ያልሰማው ነገር ቢኖር ያ ድምፅ ከከንፈሩ ሳይሆን ከክንዱ መምጣቱን ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ከፖሊስ ባንድ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት አሉ። ትራምፔቴን ባዋስኳቸው ቀን ወንበር ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ አያያዛቸው ሰልፍ ላይ የቆሙ ያስመስላቸው ነበር። ጀመሩ፤ ሁለት ሐረግ በደንብ ወጣ፤ ሦስተኛው ላይ አንገታቸው ገተረ፣ ፊታቸው ቀላ፣ ድምፁ ተቋረጠ። መሣሪያውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው «ከንፈሬ ጥላኝ ሄዳለች ልጄ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎን እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ትንሿ ጣታቸው ከፒስተኖቹ ወዲያ ባለችው የብረት ማንጠልጠያ ውስጥ ተቆልፋ ነበር። ይህቺ ማንጠልጠያ የተሠራችው ነፊው ግራ እጁን ለሌላ ነገር ሲፈልገው፣ ለምሳሌ ገጽ ሲገልጥ ወይም ሚዩት (የድምፅ ማፈኛ) ሲያስገባ፣ መሣሪያውን በአንድ እጅ እንዲይዝባት ነው። ብዙው ነፊ ግን መሳቢያ አድርጓታል ብል ከልቤ ነው። ጣታቸውን አውጥተው ከላይ እንዲያሳርፏት፣ ግራ እጃቸውንም ትራምፔቱን ከሥር እንዲሸከም ብቻ አላልተው እንዲይዙት ለመንኳቸው። ከዚያም ከመካከለኛዋ ሶል በላይ እንዳይሄዱ። ሶል ወጣች፤ ቀጭን ነበረች፤ ግን አልተሰነጠቀችም። «ይቺማ የልጅ ድምፅ ናት» አሉ። ልክ ናቸው። ከዚያ ነው የሚጀመረው።

ደንቡ አንድ ነው፦ የነፉትን ያህል ይረፉ። አምስት ደቂቃ ከነፉ አምስት ደቂቃ መሣሪያውን ያስቀምጡ፤ ሻይ ይጠጡ፣ ጋዜጣ ያንብቡ። በቀን ሦስት ጊዜ አጭር አጭር መንፋት አንዴ ተቀምጦ ሰዓት ሙሉ ከመታገል ይበልጣል። በድምፁ ውስጥ አየር መግባት ሲጀምር ያቁሙ፤ «አንዴ ብቻ» አይበሉ። ከወር ወደ ወር የአፍ ጥጉ ይጠነክራል፣ ከፍታውም ሳይጠሩት ይመጣል። የዣን ባፕቲስት አርባን እ.ኤ.አ. የ1864ቱን መጽሐፍ አውጥተው ከኋላ ገጾቹ የሚጀምሩትን አልወድላቸውም። ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የትራምፔት ተማሪ ሁሉ መመሪያ ነው፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ገጾች የተጻፉት በምክንያት ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ ከአርባንም የቀደመ ልምምድ አለ፤ ትዝታ። ሙሉ ቤቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ይህን በትራምፔት ጣት እንየው። ዶ ሁሉም ፒስተን ክፍት ነው፤ ሶልም ክፍት ነው። ሚ አንደኛና ሁለተኛ ናቸው፤ ላም አንደኛና ሁለተኛ ናቸው። ለብቻዋ የቀረችው ሬ ናት፤ አንደኛና ሦስተኛ። አምስት ድምፅ በሦስት የጣት አቀማመጥ ማለት ነው። ከዶ ወደ ሶል፣ ከሚ ወደ ላ ሲሄዱ ጣት ምንም አይሠራም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ከንፈር ብቻ ነው። ስለዚህ ትዝታን በዝግታ፣ ሳይጫኑ የነፋ ሰው ሳያውቀው ምርጡን የከንፈር ልምምድ ሠርቷል። ዜማው በጆሮው ስላለ ስሕተቱን መምህር ሳይኖር ይሰማል። ሁሉም ድምፅ ከመካከለኛው ክልል ስለማይወጣ ከንፈር አይጎዳም። ሬን ግን ይጠንቀቁ፤ በዚህ አጣጣል ከልኳ ትንሽ ከፍ ትላለች። በግራ እጅ የቀለበት ጣት የሦስተኛውን ፒስተን ተንሸራታች ቱቦ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ትስተካከላለች። ይህን የማያደርጉ ነፊዎች ትዝታን ሲጫወቱ ሬ ላይ ጆሮ የምትቆረቁረው ለዚህ ነው፤ ትራምፔቱ ተበላሽቶ አይደለም።

ማስረጃ ለሚፈልግ ሁለት ሰዎች ልጥራ። አሜሪካዊው ዶክ ቺተም እ.ኤ.አ. በ1905 ተወልዶ ለአሥርታት ከባንዶች ጋር ነፋ፤ ብዙውን ጊዜ የትራምፔቶቹ መሪ እንጂ ሶሎ ተጫዋች አልነበረም። በሶሎ ተጫዋችነት የገነነው ካረጀ በኋላ ነው። ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላ ከወጣቱ ኒኮላስ ፔይተን ጋር በቀዳው አልበም ውስጥ ያለ አንድ ሶሎ ከሞተ በኋላ ግራሚ አሸንፏል። ቼት ቤከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ተደብድቦ ጥርሶቹ ተጎዱ፤ በሰው ሠራሽ ጥርስ ከንፈሩን ከባዶ እንደገና ሠራ፤ ዓመታት ፈጀበት፤ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞቱ ነፋ። «ጥርሴን ቀይሬአለሁ፣ አይሆንልኝም» የሚል ሰው ይህን ይስማ።

ከእኛዎቹ ኃይሉ መርጊያን ሳላነሳ አላልፍም፤ የሚጫወተው ኪቦርድ ቢሆንም። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ በኖረባቸው ዓመታት ተሳፋሪ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ለዚህ ነው ወደ መድረክ የሚመለስበት ጊዜ ሲደርስ ዝግጁ ሆኖ የተገኘው። ትራምፔት ነፊም ማውዝፒሷን ኪሱ ውስጥ መያዝ ይችላል። ኃይሉ የመራው የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ያዳምጡና የዮሐንስ ተኮላን ትራምፔት ከሳክስፎኑ ጋር እንዴት እንደሚተነፍስ ይስሙ። ጩኸት የለበትም።

አሁን ስለ መሣሪያው አንድ ቁጣ አለኝ። ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የቆየ ትራምፔት ፒስተኑ ይያዛል፣ ማውዝፒሱ ይጣበቃል። ያኔ ሰው ፒንሳ ያነሳል። እባክዎ አያንሱ። ቱቦው ስስ ናስ ስለሆነ ይጣመማል፤ ብየዳው ይላቀቃል። የተጣበቀ ማውዝፒስ የሚነቀልበት የራሱ መሣሪያ አለ፤ ጥገና የሚያውቅ ሰው ዘንድ ይውሰዱት። በአመድና በሎሚ መወልወልም ይቅር፤ ውጪው የተቀባውን መከላከያ ይልጠዋል። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል፤ የፈላ ውኃ ግን አይሆንም። ለፒስተን የምግብ ዘይት ያፈሰሱ ሰዎች መሣሪያ አጋጥሞኛል፤ ዘይቱ ሙጫ ሆኖ ነበር። የፒስተን ዘይት ይግዙ፤ ለተንሸራታች ቱቦዎቹ ቫዝሊን ያገለግላል። ፒስተኖቹን አውጥተው ሲመልሱ ደግሞ በላያቸው የተቀረጸውን 1፣ 2፣ 3 ያንብቡ። ቦታቸው ከተለዋወጠ አየር አያልፍም፤ «ሞቷል» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ትራምፔት ስንቱ በዚህ ምክንያት ብቻ እንደሄደ ሳስበው ያንገበግበኛል።

የዓይን ግፊት ያለበት፣ በተለይ ግላኮማ፣ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ከፍ ያሉ ድምፆች ሲነፉ የዓይን ግፊት ለጊዜው ይጨምራል። ደም ግፊት ያለበትና ሄርኒያ የነበረበት ሰውም እንዲሁ።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የልምምድ ሚዩት አለ። ሁልጊዜ ግን በእሱ አይንፉ፤ አየሩን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ተመልሶ መጫንን ያስተምራል። ለጎረቤት ሰዓቱን ነግሮ፣ በቀን አሥር ደቂቃ በክፍት ድምፅ መንፋት ይሻላል። ጎረቤት የሚጠላው የማይቆመውን እንጂ ሰዓቱ የታወቀውን አይደለም።

ቤትዎ ውስጥ ማንም የማይነካው ትራምፔት ካለ ለመሸጥ አይቸኩሉ። በቅድሚያ በሰፈርዎ ወይም በዘመድዎ መካከል ድሮ የነፉ፣ መሣሪያቸውን አስረክበው የወጡ ሰው ካሉ ይጠይቁ። ያውሷቸው፤ ቀኝ ትንሽ ጣታቸውንም ከማንጠልጠያዋ ያስወጡላቸው።